ሥዕሉን ማን ሰቀለው?

ኤግዚቢሽን ስንገባ ጥያቄያችን አንድ ነው። ማን ሠራው? ከሥዕሉ ጎን ወዳለችው ትንሽ ወረቀት ጎንበስ እንልና ስሙን፣ ዓመቱን፣ የተሠራበትን ነገር እናነባለን። ማን ሰቀለው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ለምን እዚህ ከፍታ ላይ ሆነ? ለምን ከዚያኛው ጎን? መብራቱስ ለምን ከግራ መጣ?

እኔ ሠዓሊ አይደለሁም፤ ሥራዎቹን መርጦ ኤግዚቢሽኑን የሚያሰናዳው ኩሬተርም አይደለሁም። ኤግዚቢሽን ሲሰናዳ መሰላል የሚይዝ፣ ሜትር የሚዘረጋ፣ ውኃ ልክ የሚያይ ሰው አለ አይደል? እሱ ነኝ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ መሰላል ላይ ሆኜ የጻፍኩት አድርጋችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መሰላሉ ላይ ሲወጡ ቶሎ የሚገባ ነገር አለ። "ተራ" የምንለው አሰቃቀል ራሱ ሕግ የበዛበት ነው። የሥዕሉ መሃል ከወለሉ ከ145 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ላይ ይውላል። የቆመ አዋቂ ሰው ዓይን እዚያ ያርፋል ተብሎ ነው። ወረቀት ላይ ለተሠራ ሥራ ብርሃኑ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ፣ ለዘይት ቀለም 200 ገደማ። ከዚያ ካለፈ ቀለሙ ይለቃል። ግድግዳው ነጭ። በሥዕልና በሥዕል መካከል ደግሞ ሰፊ ባዶ ቦታ። ይህን ሁሉ ጨርሰን ስንወርድ ክፍሉ ማንም ያልነካው ይመስላል። የሥራው ብቃት የሚለካውም በዚሁ ነው፤ እጃችን እንዳይታይ።

ነጩ ክፍል ከጥንት ጀምሮ የነበረ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። አይደለም። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሳሎን በሚባለው የፓሪስ ትልቅ ኤግዚቢሽን ሥዕሎች ከታች እስከ ጣሪያ ድረስ ፍሬም ለፍሬም ተጠጋግተው ነበር የሚሰቀሉት። ሥራው ጣሪያ ሥር የደረሰበት ሠዓሊ የሚያለቅስበት፣ ዓይን ትይዩ የደረሰው የሚኮራበት ዘመን ነበር። አንድ ረድፍ፣ ሰፊ ክፍተት፣ ጸጥ ያለ ግድግዳ የሚለው አካሄድ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1929 የተከፈተው የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየምና የመጀመሪያው ዳይሬክተር አልፍሬድ ባር ለዚህ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ብራያን ኦዶርቲ የተባለ ጸሐፊና ሠዓሊ በ1976 ይህን ክፍል አፍረጥርጦ ተቸው። መስኮት የለው፣ ሰዓት የለው፤ ዓይንና አእምሮ ይግቡ ይባላል፣ ገላ ግን እንደ ሰርጎ ገብ ነው የሚታየው፤ ሐሳቡ በግርድፉ ይህ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ የጋለሪ ጥበቃ ያለምንም ንባብ ይስማማበታል።

በዚህ ላይ አንድ ቁጥር ልጨምር። በ2001 የታተመ ጥናት በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰዎች አንድ ሥዕል ፊት ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩ ለካ። አማካዩ 27.2 ሰከንድ ወጣ። ግማሹ ተመልካች ግን ከ17 ሰከንድ በላይ አልቆየም። ወረቀቷን የማንበቢያው ጊዜ ሳይቀር እዚሁ ውስጥ ነው። እንግዲህ ባለፉት መቶና ከዚያ በላይ ዓመታት አሰቃቀል ላይ የተሞከረው ነገር ሁሉ በእነዚህ 17 ሰከንዶች ላይ የተደረገ ትግል ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ትግሉ የት ጀመረ ለሚለኝ ሰው የ1915ቱን ፔትሮግራድ፣ የዛሬዋን ሴንት ፒተርስበርግ፣ እጠቁመዋለሁ። ካዚሚር ማሌቪች የተባለ ሠዓሊ ጥቁሩን አራት ማዕዘን ሥዕሉን እንደ ሌሎቹ ግድግዳው መሃል አልሰቀለውም። ሁለት ግድግዳ በሚገናኝበት ማዕዘን፣ ከጣሪያው ሥር አደረገው። የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተሰብ የቅዱሳንን ሥዕል የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። ሸራው ላይ ያለው በነጭ መደብ ላይ ያረፈ ጥቁር አራት ማዕዘን ብቻ ነው፤ ድፍረቱ ያለው አሰቃቀሉ ላይ ነው። ይኼ ሥዕል ዓይን ትይዩ በ150 ሳንቲ ሜትር ቢሰቀል ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። ክፍሉን የምናውቀውም በዋናነት ከአንዲት ፎቶ ነው፤ ከሥዕሎቹ በታች ባዶ ወንበር ይታያል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሩሲያዊ አርቲስት ኤል ሊሲትስኪን ግን እኔ የሙያ አባቴ አድርጌ ነው የማየው። በ1920ዎቹ መጨረሻ አሌክሳንደር ዶርነር በሚመራው የጀርመኑ ሃኖቨር ሙዚየም ውስጥ ለአብስትራክት (የሚታወቅ ነገር መልክ ለሌላቸው) ሥዕሎች አንድ ትንሽ ክፍል ሠራ። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በቀጫጭን ቋሚ ዝርግ ብረቶች ሸፈነው። ብረቶቹ ባንድ ጎናቸው ነጭ፣ በሌላው ጎን ጥቁር ናቸው፤ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ግራጫ። ከግራ ስትመጡ ግድግዳው ነጭ ነው። ፊት ለፊት ስትቆሙ ግራጫ ይሆናል። ስታልፉት ይጠቁራል። ሥዕሉ ባለበት ነው፣ የሚቀያየረው ጀርባው ነው። የሚቀይረው ደግሞ የተመልካቹ እግር። ከዚህም ሌላ ተመልካቹ በእጁ የሚገፋቸው ተንሸራታች ሰሌዳዎች ነበሩ፤ አንዱን ሥዕል ለማየት ሌላውን መሸፈን ግድ ይላል። የሊሲትስኪ ዓላማ ግልጽ ነበር። ተራው ኤግዚቢሽን ሰውን ያስተኛዋል፣ የኛ ክፍል ይቀስቅሰው ነው ያለው። ናዚዎች በ1930ዎቹ አፈረሱት። ኋላ እንደገና ተሠርቶ ዛሬ በዚያው ከተማ ሽፕሬንግል ሙዚየም ውስጥ አለ።

አስቡት፤ ኤሌክትሪክ የለ፣ ሞተር የለ፣ ስክሪን የለ። ቀለም የተቀባ ብረትና አንድ የሚራመድ ሰው።

ከሕልምና ከቅዠት የሚነሡት አርቲስቶች፣ ሱሪያሊስቶቹ፣ በሌላ መንገድ መጡ። ሊሲትስኪ ተመልካቹን ሲያግዝ፣ ፈረንሳዊው አርቲስት ማርሴል ዱሻምፕ መንገድ ይዘጋበት ነበር። በ1938 ፓሪስ ውስጥ የተዘጋጀውን የሱሪያሊስቶች ኤግዚቢሽን ዋና ክፍል አጨለመው፤ ከጣሪያው 1,200 የድንጋይ ከሰል ጆንያ አንጠለጠለ ይባላል። ቡና ሲቆላ ክፍሉን ሽታው ይሞላው ነበር። በመክፈቻው ምሽት ለእንግዶች የእጅ ባትሪ ታደለ፤ ሥዕል ማየት የፈለገ በራሱ ብርሃን ይፈልግ። በ1942 ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ ክፍሉን ከግድግዳ ግድግዳ በሲባጎ ድር አደራበት። 16 ማይል ሲባጎ ተብሎ ነው የሚጠራው፤ የተዘረጋው ግን ከዚያ በጣም ያንሳል። መክፈቻው ላይ ሕፃናት በድሩ መሃል ኳስ ይጫወቱ ነበር። ለምን ብሎ ለጠየቃቸው መልሳቸው ዱሻምፕ ነው ያዘዘን የሚል ነበር።

ሥዕላቸው ከድሩ ጀርባ የቀረባቸው ሠዓሊዎች ምን ተሰማቸው? እኔ ብሆን እናደድ ነበር። የሚገርመው ግን ከዚያ ኤግዚቢሽን ዛሬ የሚታወሰው ሲባጎው ነው። ሥዕሎቹን የሚዘረዝር ሰው ብዙ አይደለም። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ባትሪው ግን ሳላወራ አላልፍም። አንድ ጊዜ ይህን ሐሳብ የተከተለ ኤግዚቢሽን ላይ ሠርቻለሁ። በር ላይ ባትሪ እያደልን ሰዉን ወደ ጨለማ ክፍል እናስገባ ነበር። የሰው ድምፅ ዝቅ እንደሚል ጠብቄ ነበር፤ ዝቅ አለ። ሰው ቀስ ብሎ እንደሚራመድም የታወቀ ነው። ያልጠበቅሁት ሌላ ነገር ነው። በተለመደው ክፍል ውስጥ ከአጠገባችሁ ያለው ሰው የቱን ቦታ እያየ እንደሆነ አታውቁም። እዚህ ግን እይታው በብርሃን ይታያል። አንዲት ሴት የምስሉን እጅ ብቻ ለረጅም ጊዜ ስታበራ አየሁ። አጠገቧ የነበረ የማታውቀው ወጣት የራሱን ብርሃን የምስሉ ፊት ላይ አድርጎ ቆይቶ ወደ ምስሉ እጅ አመጣው። ሁለት ክብ ብርሃን አንድ ላይ ሆነ። ቃል አልተለዋወጡም። ሌላ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ልጅ ጣሪያውን ብቻ ሲያበራ ነበር፤ ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም። የኤሌክትሪክ ሽቦ መስመር እንጂ። እሱም ደስ ብሎት ወጣ።

ባትሪው የሠራልን ይኼ ነው። አሰቃቀሉን ከኛ እጅ አውጥቶ ከፊሉን ለተመልካቹ ሰጠው።

ወደ ብራዚል ልውሰዳችሁ። ሊና ቦ ባርዲ የምትባል አርክቴክት የሳኦ ፓውሎን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሠራች፤ ሕንፃው በ1968 ተከፈተ። የሥዕሎቹ አዳራሽ ውስጥ የመከፋፈያ ግድግዳ የለም። እያንዳንዱ ሥዕል የቆመው በወፍራም መስታወት ላይ ነው፣ መስታወቱ ደግሞ በኮንክሪት ድፍን ላይ ተተክሏል። ከበሩ ስትገቡ ሥዕሎቹ አየር ላይ የቆሙ ሰዎች ይመስላሉ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ እናንተ አዙረዋል። ስም የለ፣ ዓመት የለ። ማን እንደሠራው ለማወቅ ዞር ብላችሁ ከጀርባ ማየት አለባችሁ፤ ወረቀቷ እዚያ ናት። ወደ ጀርባ ስትዞሩ ደግሞ የሸራውን ጀርባ ታገኛላችሁ። እንጨቱን፣ ምስማሩን፣ የድሮ ባለቤቶች ማኅተምና ቁጥር። እኔ በሥራዬ ምክንያት የሥዕል ጀርባ ብዙ አያለሁ። ሌላው ሰው ግን ይህን የማየት ዕድል የለውም። አንድ ክቡር የተባለ ሥዕል ከኋላው ሲታይ የተጣጠፈ ጨርቅና የዛገ ምስማር ነው። ይህን ማየት ክብሩን አይቀንሰውም፤ ሰው የሠራው መሆኑን ያስታውሳል።

ትችት አልቀረላትም። በመስታወቱ ውስጥ የኋለኛው ሥዕል ይታያል፣ የሰው እግር ይታያል፤ ዓይን ይበተናል ተባለ። ውሸት አይደለም። በ1996 መስታወቶቹ ተነስተው በተለመደው ግድግዳ ተተኩ። በ2015 ግን ተመለሱ። በመሃል ያለፉት ዓመታት ለኔ ትልቅ ማስረጃ ናቸው። ተራው ግድግዳ መጣ፣ ተሞከረ፣ ሰዉ መስታወቶቹን ናፈቀ።

ስለ ባዶ ክፍሎች ቶሎ ብዬ ልለፍ፤ ምክንያቱም ቀልዱ አንድ ጊዜ ነው የሚያስቀው። ኢቭ ክላይን በ1958 ፓሪስ ውስጥ ጋለሪውን አራግፎ ነጭ ቀብቶ ባዶውን አሳየ። አርማን የተባለው ጓደኛው በ1960 ያንኑ ጋለሪ በቆሻሻ ሞላው። ሮበርት ባሪ በ1969 በኤግዚቢሽኑ ወቅት ጋለሪው ዝግ ነው የሚል መጥሪያ ላከ፤ ኤግዚቢሽኑ ያ ነው። ከነዚህ ሁሉ ልቤን የሚነካው ማይክል አሸር ነው። በ1974 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በጋለሪውና በቢሮው መካከል ያለውን ግድግዳ ብቻ አነሳ። ሌላ ምንም አላደረገም። የገባ ሰው የሚያየው ጠረጴዛ፣ ስልክ፣ ሥዕል የሚሸጥ ሰው። በ2008 ደግሞ በሳንታ ሞኒካ በአንድ ሙዚየም ውስጥ ባለፉት አሥር ዓመታት ለየኤግዚቢሽኑ ቆመው የፈረሱትን ጊዜያዊ ግድግዳዎች በሙሉ በየቦታቸው መልሶ አቆመ። ልስን የላቸውም፤ አጽማቸው ብቻ። ቤቱ ውስጥ መተላለፊያ ጠፋ። አንድ ግድግዳ አቁመን ከወር በኋላ አፍርሰን ለምንጥል ሰዎች ይኼ ሥራ ትርጉሙ ብዙ ነው። የኛ ላብ ነው የቆመው።

ስለ ዱሻምፕ ሲባጎ ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን ልፍታው።

በ1969 ሃራልድ ዜማን በስዊዘርላንዱ ኩንስታሌ በርን ያዘጋጀው ኤግዚቢሽን የሙከራዎች ሁሉ አባት ተደርጎ ይነገራል። አርቲስቶቹ የተጠናቀቀ ሥራ ይዘው አልመጡም፤ ቦታው ላይ መጥተው ሠሩ። ማይክል ሃይዘር ከደጅ ያለውን አስፋልት በብረት ኳስ ሰባበረው። ሎውረንስ ዊነር ከግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ልስን ፍቆ አወጣ። ሪቻርድ ሴራ የቀለጠ እርሳስ ረጨ። ጆሴፍ ቦይስ ቅቤ መሰል ስብ ጥግ ላይ ለጠፈ። ከተማው ተቆጣ፣ ዜማን በዚያው ዓመት ሥራውን ለቀቀ። በነጻነት የሚሠራ ኩሬተር የሚባለው ሙያ ከዚያ ተወለደ የሚሉ ብዙ ናቸው።

ሦስት ዓመት አለፈ። ዜማን በጀርመኗ ካስል ከተማ በየጊዜው የሚካሄደውን ትልቅ ኤግዚቢሽን አምስተኛ ዙር፣ ዶኩሜንታ 5ን ሲመራ፣ እዚያው ሥራውን ያሳየው ፈረንሳዊ አርቲስት ዳንኤል ቡረን በካታሎጉ ውስጥ ኩሬተሩን የሚነካ ጽሑፍ አወጣ። ቁምነገሩ ይህ ነው፤ ኤግዚቢሽኑ የጥበብ ሥራ ማሳያ መሆኑ ቀርቶ ራሱን እንደ ጥበብ ሥራ እያሳየ ነው። የኛ የአርቲስቶቹ ሥራዎች የኩሬተሩ ሥዕል ቀለሞች ሆነዋል። እንግዲህ የሲባጎው ጉዳይ ተመለሰ። የሰቃዩ እጅ ይታይ ስንል፣ እጁ ሥዕሉን እስኪሸፍን ድረስ ነው ወይ?

በ2013 የዜማን የበርን ኤግዚቢሽን ቬኒስ ውስጥ በአንድ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥት እንደገና ተሠራ። የበርኑ ክፍሎች በልካቸው፣ ከነግድግዳና ወለላቸው ተገንብተው ገቡ። ሊገኙ ያልቻሉት ሥራዎች ቦታቸው በተቆራረጠ መስመር ተከበበ። ብዙ ሰው አደነቀው። እኔ ፎቶዎቹን ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ሌላ ነው። በ1969 ድንገት የተወረወረ ነገር በ2013 በሜትርና በውኃ ልክ ተለክቶ ተቀመጠ። ሠራተኞቹ ምን እያሉ እንደሠሩት ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ለቡረን ጥያቄ የተሻለው መልስ የመጣው ከአሜሪካዊው አርቲስት ከፍሬድ ዊልሰን ነው ባይ ነኝ። በ1992 ባልቲሞር ውስጥ በሜሪላንድ ታሪክ ማኅበር ሙዚየም ተጋበዘ። አዲስ ሥዕል አልሠራም፣ አዲስ ዕቃ አልገዛም። ወደ መጋዘኑ ወረደና የሙዚየሙን የራሱን ንብረት አውጥቶ እንደገና ደረደረው። አንድ የመስታወት ሳጥን ውስጥ በወግ የተሠሩ የብር ማንቆርቆሪያዎችና ዋንጫዎች አሉ። በመሃላቸው የባሪያ እግር ብረት ተቀምጧል። መግለጫው ላይ የተጻፈው እንዲህ ብቻ ነው፤ የብረታ ብረት ሥራ፣ ከ1793 እስከ 1880። ሌላ ማብራሪያ የለም። ብሩም የብረት ሥራ ነው፣ እግር ብረቱም የብረት ሥራ ነው። ሁለቱም ያንኑ ቤት ያገለገሉ ናቸው። ሙዚየሙ ሁለቱንም ነበረው፤ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ መጋዘን ነበር የሚኖረው።

ሌላ ክፍል ውስጥ ያማሩ ወንበሮች አንድ ነገር ለማየት እንደተሰበሰቡ ሰዎች ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረዋል። የሚያዩት የመግረፊያ ግንድ ነው። መግቢያው ላይ ደግሞ የሦስት ሰዎች ነጭ ሐውልተ ገጽ በመቆሚያ ላይ አለ፤ ናፖሊዮን፣ ሄንሪ ክሌይ፣ አንድሩ ጃክሰን። ሦስቱም የሜሪላንድ ሰዎች አይደሉም። ከጎናቸው ሦስት ጥቁር መቆሚያዎች አሉ። ባዶ ናቸው። የተጻፈባቸው ስም ሃሪየት ታብማን፣ ፍሬደሪክ ዳግላስ፣ ቤንጃሚን ባኔከር። እነዚህ ሦስት ታዋቂ ጥቁር አሜሪካውያን የሜሪላንድ ልጆች ናቸው፤ ሙዚየሙ ግን ሐውልታቸው አልነበረውም።

ይኼ ከዱሻምፕ ሲባጎ በምን ይለያል? ሁለቱም ጋ የደርዳሪው እጅ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የዱሻምፕ እጅ ግን ሥራዎቹን ይጋርዳል፤ የዊልሰን እጅ ተጋርደው የኖሩትን ያወጣል። ከዚያም በላይ፣ ዊልሰን እዚህ ቤት ድሮ ማን ነበር የሚደረድረው የሚለውን ጥያቄ አስነሳ። ያኛው የመጋዘንና የሳሎን ክፍፍል ስም አልነበረውም። ማንም ያላደረገው፣ ተፈጥሮ ያደረገው ይመስል ነበር። አንዴ ዊልሰን በስሙ ሲያፈርሰው የድሮው አደራደርም የሰው ሥራ እንደነበር ታወቀ። እንግዲህ ሙከራ የሚባለውን ሁሉ የምመዝንበት ሚዛን ይህ ነው። የሰቀለው ሰው ታየ ወይ? ከታየስ እኔ ተመልካቹ ልከራከረው እችላለሁ ወይ?

በዚህ ሚዛን ያስቀመጥኩት አንድ ነገር ሲቀልብኝ ብዙ ጊዜ ነው። የሞተ ሠዓሊን ሥዕሎች በፕሮጀክተር ግድግዳና ወለል ላይ የሚረጩት ትርዒቶች። ሙዚቃ አለ፣ የሱፍ አበባው ይሽከረከራል፣ ኮከቦቹ ይፈሳሉ። ልጆች ይቦርቃሉ፤ በነሱ ቅር አይለኝም። አዲስ የአቀራረብ ሙከራ ነው ሲባል ግን አልዋጥልህ ይለኛል። ሰውዬው በብሩሽ ሲያቆመው የኖረውን ምስል ማን አንቀሳቀሰው? የቱን ቆርጦ የቱን አሳደገው? ማንም አይነግራችሁም። ከነጩ ክፍል የባሰ እጁን የደበቀ ክፍል ነው። ተመልካቹም የሚቀረው ሥራ መሃል ላይ ቆሞ ስልኩን ማውጣት ነው።

ሰውን ራሱን ሥራ ያደረጉት ደግሞ አሉ። ቲኖ ሴጋል በ2010 የኒው ዮርኩን ጉገንሃይም ሙዚየም ጥምዝምዝ መወጣጫ ከሥዕል ባዶ አደረገው። ስትገቡ አንድ ሕፃን ይቀበላችሁና ዕድገት ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃችኋል። እያወራችሁ ስትወጡ በወጣት ይተካል፣ ቀጥሎ በጎልማሳ፣ ጫፍ ላይ በአዛውንት። ፎቶ የለ፣ ካታሎግ የለ፣ መግለጫ ወረቀት የለ። ሃንስ ኡልሪሽ ኦብሪስት በ1993 የጀመረው ሌላ መንገድ አለ፤ አርቲስቱ መመሪያ ይጽፋል፣ በየአገሩ ያለ ሰው እንደገባው ይሠራዋል። ዕቃ ማጓጓዝ የለም፣ ኢንሹራንስ የለም። ሣጥን ተሸክሜ ደረጃ በወጣሁ ቁጥር ይህን ሐሳብ በደስታ አስታውሰዋለሁ።

ሥልጣኑን ሙሉ በሙሉ እናካፍል ያሉት ግን በ2022 አንድ ጣጣ ገጠማቸው። ዶኩሜንታ 15ን እንዲያዘጋጁ የተመረጡት ሩዋንግሩፓ የተባሉ የጃካርታ የአርቲስቶች ስብስብ ናቸው። በኢንዶኔዥያ የጋራ የሩዝ ጎተራ ስም ሉምቡንግ ብለው፣ ገንዘቡንና ውሳኔውን ለሌሎች ስብስቦች አከፋፈሉ። የተጋበዙት ሌሎች ጋበዙ፣ እነዚያም ሌሎች ጋበዙ። ሐሳቡን ስሰማ ወድጄው ነበር፣ አሁንም እወደዋለሁ። ካስል መሃል አደባባይ ላይ ግን ታሪንግ ፓዲ የተባለው ቡድን በ2002 የሠራው ግዙፍ ሸራ ተሰቀለ። ውስጡ ፀረ አይሁድ ምስሎች ነበሩበት። በቀናት ውስጥ መጀመሪያ በጥቁር ጨርቅ ተሸፈነ፣ ቀጥሎ ወረደ። ይቅርታ ተጠየቀ። የድርጅቱ ዋና ዳይሬክተርም ብዙም ሳይቆዩ ለቀቁ። ያኔ አገር ምድሩ የጠየቀው ጥያቄ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩበት ነው፤ ማን ሰቀለው? ሁሉም ትንሽ ትንሽ ሰቅሎታል። ማንም ሙሉውን አልሰቀለውም። ሥልጣን ማካፈል ጥሩ ነው፤ ተጠያቂነት ግን ሲካፈል ይተናል። የስብስብ አሠራር ይህን ካልፈታ ሩቅ አይሄድም፤ ለማፍረስ ሰበብ የሚፈልጉትም ብዙ ናቸው።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ፣ በዚያችው በዊልሰን ባልቲሞር፣ የከተማዋ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሌላ ነገር ሞከረ። 17 የጥበቃ ሠራተኞች ኩሬተር ሆነው ከሙዚየሙ ስብስብ የፈለጉትን መርጠው አንድ ኤግዚቢሽን አዘጋጁ። አስቡት፤ ማን የቱ ሥዕል ፊት እንደሚቆም፣ የቱን ሳያይ እንደሚያልፍ፣ የቱ ወንበር ላይ ሰው ደክሞት እንደሚቀመጥ ከነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የ17 ሰከንዱን ጥናት እነሱ በየቀኑ ሲያካሂዱት ነው የኖሩት። የመረጡትም በስማቸው ነው የቀረበው።

እኔ ለምሠራባቸው ቦታዎች የማቀርበው ጥያቄም ከዚህ አይርቅም። ፊልም ሲያልቅ የሁሉም ስም እንደሚወጣው መግቢያው ግድግዳ ላይ ይጻፍልን። ማን መረጠ፣ ማን ሰቀለ፣ መብራቱን ማን አስተካከለ፣ መግለጫውን ማን ጻፈ። ሥሩም የሰቀልንበት ከፍታ በሳንቲ ሜትር ይቀመጥ፤ ምክንያቱም በአንድ መስመር። ባለፈው ጊዜ ለአንድ አዘጋጅ ይህን ሳቀርብ "ሰው ምን ይሠራበታል?" አለኝ። በተሽከርካሪ ወንበር የምትመጣ አንዲት ተመልካች ሁልጊዜ የምታየው የሥዕሎቻችንን የታችኛውን ፍሬም መሆኑን ነገርኩት። ያንኑ ቀን አሥር ሥዕል በ20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አደረግን። የስሙ ዝርዝር ግን እስካሁን አልተፈቀደም፤ ግድግዳው ይቆሽሻል ተብሎ።